የሚያገረሽ የባት ጉዳት፦ ለሯጭ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘው የተባለ ሯጭ ምክር አያጣም። አሠልጣኙ “ዕረፍ” ይለዋል፣ ጓደኛው ቅባት ያውሰዋል፣ ወጌሻው ያሸዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ይለቀውና ወደ ልምምድ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ያው ባት፣ ብዙ ጊዜም ያው ቦታ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲይዝ ነው። ይህ መመሪያ እዚያ ደረጃ ለደረሰ ሰው የተጻፈ ነው፤ የክለብ አትሌት ይሁን፣ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ብሎ ከመስከረም ጀምሮ ጫማ ያሰረ የቢሮ ሠራተኛ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ካየኋቸው የሚያገረሹ የባት ጉዳቶች አብዛኞቹ ሕክምና ያጡ አልነበሩም። የተሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የትኛው ጡንቻ እንደተጎዳ ሳይለዩ ሕክምና ጀመሩ፣ ሕመሙ ሲጠፋ ደግሞ ጡንቻው ጉልበቱን መልሶ ማግኘቱን ሳይፈትሹ ሮጡ። ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን አማራጮች የምመዝነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

በቅድሚያ ሌላ ነገር እንዳይሆን

ባት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ የጡንቻ ጉዳት አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው የደም መርጋት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አሜሪካ ለውድድር የበረረ አትሌት ወይም ከዲሲ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሯጭ፣ ከረጅሙ በረራ በኋላ አንድ ባቱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከከበደው፣ ያውም ይህ ነው የሚባል ከባድ ሩጫ ሳይሮጥ ከሆነ፣ መታሸቱንም ማሳሳቡንም ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ የቆየ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴትም እንዲሁ ሊጠነቀቁ ይገባል። ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት የሚኬደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛው የተረከዝ ጅማት፣ ማለትም የአኪሊስ መበጠስ ነው። የደረሰባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ “ከኋላ ሰው በእርግጫ የመታኝ መሰለኝ፤ ዞር ስል ግን ማንም የለም” ይላሉ። በሆድ ተኝተው እግርዎን ከአልጋው ጫፍ ያውጡና ሌላ ሰው ባትዎን ይጭመቅልዎ። ጤነኛ ከሆነ ውስጥ እግርዎ በትንሹ ወደ ታች ይሳባል፤ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ሳይበጠስ አይቀርምና ሳይውል ሳያድር የአጥንት ሐኪም ይየው።

ክራምፕም ከጉዳት ጋር ይምታታል። ክራምፕ ጡንቻውን ጭብጥ አድርጎ ይይዝና በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል፤ በማግስቱ የሚቀረው የድካም ስሜት ብቻ ነው። ጉዳት ግን በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ራሱን ያስተዋውቃል። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሯጮች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠርጥሩ፦ ከወገብ የሚነሳ ነርቭ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ አይታወቅም፣ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ይብሳል፣ ውስጥ እግርን ያደነዝዛል። እንዲህ ዓይነቱን ባት ዓመት ሙሉ ቢያሹት ለውጥ የለውም፤ መመርመር ያለበት ወገቡ ነው።

ላይኛው ወይስ ውስጠኛው?

ባትን በዋናነት የሚሠሩት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው። ከላይ የሚታየውና ለባት ቅርጽ የሚሰጠው ባለሁለት ራሱ ጋስትሮክኒሚየስ ከጉልበት በላይ ይነሳል። ከሥሩ ሰፋ ብሎ የተነጠፈው ሶሊየስ የሚነሳው ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱም ወርደው በተረከዝ ጅማት ይገናኛሉ። አንዱ ጉልበትን ተሻግሮ ሌላው አለመሻገሩ ምርመራውንም ልምምዱንም ይለያየዋል።

ላይኛው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ድንገት ነው። ሯጩ ከቆመበት ሲፈተለክ፣ የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች ሲያፈጥን፣ ኳስ ተጫዋች አቅጣጫ ሲቀይር፣ አንዳች ነገር ሲበጠስ የሰማ ይመስለዋል። ቦታውን በአንድ ጣት ማሳየት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በባቱ የውስጥ ጎን፣ ከመሃል ከፍ ብሎ ነው። ከቀናት በኋላ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ጠቆር ያለ የደም ምልክት ሊወርድ ይችላል።

ውስጠኛው ድምፅ የለውም፤ ረጅም ርቀት ሯጮችን ደጋግሞ የሚያታልለውም ለዚህ ይመስለኛል። ሯጩ “ያዘኝ” አይልም፤ “ዛሬ ባቴ ከብዶኛል” ነው የሚለው። ሩጫውን ይጨርሳል፣ በማግስቱ ትንሽ ያነክሳል፣ ሦስት ቀን ያርፍና ደህና ነኝ ብሎ ይወጣል፣ 6ኛው ወይም 8ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያው ክብደት ይመለሳል። ይህ ጡንቻ በሩጫ ወቅት የሚያመነጨው ኃይል ከሰውነት ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚደርስ ይገመታል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መሮጥም ለሱ ዕረፍት ላይሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚሞከር ቀላል መለያ አለ። ግድግዳ ይዘው፣ ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው፣ በተጎዳው እግር ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ከመሬት ያንሱ። ከዚያ ጉልበትዎን በደንብ አጥፈው ያንኑ ይድገሙ። ጉልበት ቀጥ ሲል በግልጽ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ላይኛው ያደላል፤ ጉልበት ሲታጠፍ እኩል ወይም የበለጠ ካመመ ወደ ውስጠኛው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚጎዱበት ጊዜ ስላለ ፈተናው የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም፣ “ባቴን አመመኝ” ከሚለው ጥቅል አነጋገር ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ ዕረፍት፣ በረዶ፣ ክኒን ወይስ ወጌሻ?

ሙሉ በሙሉ መተኛትና እያነከሱ መሥራት ሁለቱም አይጠቅሙም። ከሁለቱ መሃል ያለው መንገድ ሳያነክሱ መራመድ የሚቻለውን ያህል መራመድ ነው። ለመራመድ የሚያስቸግር ከሆነ ሁለቱም ጫማዎች ውስጥ ተረከዙ ሥር ከፍ የሚያደርግ ነገር ማስገባት ወይም ለጥቂት ቀን ክራንች መያዝ ባቱን ያሳርፈዋል። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፤ ጡንቻ ይጠግናል ብዬ አልመክረውም። በፎጣ ጠቅልለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያድርጉ፣ ከሌለም አይጨነቁ። ባቱን በላስቲክ ፋሻ ጠበቅ አድርጎ ማሰር እብጠቱን ይቀንሳል፤ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ግን ላላ ይደረግ።

ክኒን ላይ የሚደረገው ምርጫ በአብዛኛው ሳይታሰብበት ነው። ሰው ፋርማሲ ገብቶ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፓራሲታሞል የተሻለ ነው፤ ሌሎቹ ደም የመርጋት አቅምን በመጠኑ ስለሚቀንሱ፣ ገና እየደማ ላለ ጡንቻ አይመረጡም። ከሁሉ የከፋው ለመሮጥ ብሎ መዋጥ ነው። ክኒኑ ጡንቻውን አያድነውም፤ ጡንቻው የሚልከውን ማስጠንቀቂያ ብቻ ያፍነዋል። በረጅም ሩጫ ላብ ላጣ ሰው ኩላሊትም ላይ አደጋ አለው። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰውማ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ወጌሻን የማጣጣል ሐሳብ የለኝም። በክለቦቻችን ውስጥ ለአትሌቱ መጀመሪያ የሚደርስለት እሱ ነው፤ ብዙዎቹም የሚነኩትን ጡንቻ በእጃቸው ያውቁታል። ጥያቄው መቼና እንዴት ነው። በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ቀናት የተበጣጠሰውን ቦታ በኃይል መጫን መድማቱን ይጨምራል፤ ሯጩ እያለቀሰ የሚታሸው እሽት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ከሳምንት በኋላ ከቁስሉ በላይና በታች ያለውን የደረቀ ጡንቻ ቀለል አድርጎ ማሸት ይረዳል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ነገር ግን እሽት ጡንቻን አያጠነክርም። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ካልታሸ መሮጥ የማይችል ባት ገና አልዳነም።

አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ ወይስ ምንም?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሆነ፣ መራመድ ለሚያስችል ጉዳት ምስል አያስፈልግም። ለሚያገረሽ ጉዳት ግን አንድ ጊዜ መነሳቱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። አልትራሳውንድ በየከተማው ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀላል፣ የላይኛውን ጡንቻ መበጠስ፣ የተጠራቀመ ደምንና በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደምን በደንብ ያሳያል። ድክመቱ ውስጠኛው ጡንቻ ላይ ነው፤ ጥልቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። “አልትራሳውንድ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ” የሚል ማራቶን ሯጭ ሶሊየሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ኤምአርአይ በጣም ይወደዳል። ገንዘቡን የሚያወጣው መልሱ ውሳኔ የሚቀይር ከሆነ ብቻ ነው፦ ለምሳሌ ሦስተኛ ጊዜ ያገረሸበት፣ ወይም ውድድር ፈርሞ መሄድ አለመሄዱን መወሰን ያለበት አትሌት። የሚፈለገውም ዋና መልስ በጡንቻው ውስጥ የሚያልፈው ጅማት ተነክቷል ወይስ ሥጋው ብቻ ነው የሚለው ነው። ጅማቱ ከተነካ ማገገሚያው በሳምንታት ይረዝማል። ሐኪሙን ይህን ለይተው ይጠይቁ፤ ውጤቱ ላይ “ጡንቻ ተጎድቷል” የሚለው ብቻ ከተጻፈ ያወጡት ገንዘብ ብዙ አልሠራም።

መርፌ

አጭሩ መልሴ፦ አያስፈልግም። ኮርቲዞን ሕመሙን ቶሎ ቢያጠፋም የሚጠገነውን ጅማትና ጡንቻ ሊያዳክም ይችላል። ለተወዳዳሪ አትሌት ሌላም ጣጣ አለው፤ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርፌ የሚሰጥን ማንኛውንም የዚህ ዓይነት መድኃኒት በውድድር ወቅት ከልክሏል። ከራስ ደም ተዘጋጅቶ የሚወጋው ፒአርፒ ደግሞ ውድ ነው። በጭን የኋላ ጡንቻ ጉዳት ላይ ከጨው ውሃ መርፌ ጋር በጥንቃቄ ሲነጻጸር ሯጮችን ቶሎ አልመለሳቸውም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ደጋግሞ መሄድ ይቻላል።

ማሳሳብ ወይስ ማጠንከር?

እዚህ ላይ ጎራዬን ለይቻለሁ፦ ማጠንከር። ባቱ የሚያስቸግረው ሯጭ በየአጥሩና በየዛፉ ተደግፎ ሲያሳስብ ይታያል። ጉዳቱ ትኩስ ሆኖ እስኪያም ድረስ ማሳሳብ የሚጋጠመውን ጫፍ መልሶ መለያየት ነው። ከዳነ በኋላም ቢሆን ማሳሳብ ብቻውን ጉዳት እንደማይከላከል ብዙ ማስረጃ አለ። ድርቀት የሚሰማው ባት አብዛኛውን ጊዜ አጥሮ አይደለም፤ ደክሞ ነው። ደካማ ጡንቻ ራሱን ለመጠበቅ ይጨብጣል፣ ሯጩም ያንን እንደ እጥረት ይቆጥረዋል።

የማጠንከሪያው ልብ አንድ ቀላል እንቅስቃሴ ነው፤ ተረከዝ ማንሳት። ግን በሁለት መልኩ መሠራት አለበት። ጉልበት ቀጥ ብሎ የሚሠራው ሁለቱንም ጡንቻዎች ያሠራል፣ በተለይ ላይኛውን። ጉልበት ታጥፎ የሚሠራው ሸክሙን ወደ ውስጠኛው ያዛውራል። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ “ማጠንከር ሞክሬ አልረዳኝም” ይላል። ሶሊየሱ የሚያገረሽበት ሯጭ ሁለተኛውን ከተወ ዋናውን ትቷል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሕመሙ በረድ እንዳለ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ በሁለት እግር ሜዳ መሬት ላይ ይጀመራል፤ 3 ዙር፣ በየዙሩ 15። ሳያም ሲሠራ በአንድ እግር ይሆናል፤ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከላይ ለአፍታ መቆየት፣ ከወጡበትም በዘገየ ፍጥነት መውረድ። ከዚያ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ ይጨመራል። ቀጥሎ ክብደት ይመጣል፤ ብዙዎች የሚያቆሙት እዚህ ጋ ነው። ድግግሞሽ መጨመር ጽናት ይሰጣል፣ ጉልበት የሚገነባው ግን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ሠርተው የሚያደክም ክብደት ነው። ጂም የሌለው ሰው የጀርባ ቦርሳ በመጻሕፍት ወይም በአሸዋ ሞልቶ ይሸከም። ለታጠፈው ጉልበት ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፎጣ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማስቀመጥ በቂ መነሻ ነው፤ 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሲቀልለው ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ቦርሳውን እንደተሸከመ በአንድ እግር ይሠራል።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሃል አንድ ቀን እያረፉ። በሚሠሩበት ጊዜ ከ10 ነጥብ ከ3 የማይበልጥ የሚሰጡት ቀላል ሕመም ቢሰማ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ካልባሰ መቀጠል ይቻላል። መሮጥ ከጀመሩ በኋላም በሳምንት ሁለት ቀን መቀጠል አለበት፣ ያውም ለወራት። ጠባሳው ሥጋ ቅርጹን የሚይዘው በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነውና፣ ልምምዱን “ዳንኩ” ባሉበት ቀን መተው ለሚቀጥለው ጉዳት በር መክፈት ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ዝላይ ነው። ሩጫ ተደጋጋሚ የአንድ እግር ዝላይ ስለሆነ፣ ተረከዝ በማንሳት ብቻ የጠነከረ ባት ድንገት አስፋልት ላይ ሲወጣ ይደነግጣል። ገመድ ዝላይ ርካሽና በቂ ነው፤ በሁለት እግር በ30 ሰከንድ ተጀምሮ፣ ወደ አንድ እግር ይሸጋገራል።

እስከዚያው ምን ይሠራ?

ትንፋሽ እንዳይጠፋ የሚመረጠው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነው፤ ፔዳሉን በጣት ጫፍ ሳይሆን በእግር መሃል መግፋት ባቱን ያሳርፋል። ገንዳ የሚያገኝ ሰው ጥልቅ ውሃ ውስጥ እግር መሬት ሳይነካ መሮጥ ይችላል። አሰልቺ ነው፣ ግን የልብ ምቱን ወደ ልምምድ ደረጃ ያወጣዋል። በእግር ዳገት መውጣት “ሩጫ ስላልሆነ” ብለው የሚመርጡት አሉ፤ ባትን ከሜዳ እርምጃ ይበልጥ ስለሚያደክም በዚህ ደረጃ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። በሙቀት ምክንያት ትሬድሚል ላይ የሚሮጡ የዱባይና የዶሃ ወገኖችም የአቀበት ቁልፉን ዜሮ ላይ አድርገው ይጀምሩ።

መመለስ፦ በቀን ቆጠራ ወይስ በፈተና?

“ስንት ሳምንት ልረፍ?” የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። በጥቅሉ ቀላሉ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ መካከለኛው ከ3 እስከ 6፣ ከባዱ ወራት ይወስዳል። ቁጥሩ ለአሠልጣኝ ዕቅድ ይጠቅማል፤ ለእግር ግን አይሠራም። ቀደም ሲል ተመሳሳይ ጉዳት ያጋጠመው ሰውና በዕድሜ ገፋ ያለ ሯጭ ለባት ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ነው። የሚያገረሽበት ሰው አንደኛውን አስቀድሞ አሟልቷል። ስለዚህ ቀን ከሚቆጥር ፈተና ቢያልፍ ይሻለዋል።

ፈተናዎቹ አራት ናቸው፣ በቅደም ተከተል፦

ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ያኔም በማግስቱም ያለ ሕመም።

በአንድ እግር፣ ጉልበት ቀጥ አድርጎ፣ ሙሉ ከፍታ ድረስ ተረከዝ ማንሳት፤ 25 ያህል መድረስና ከጤነኛው እግር ጋር መቀራረብ። ከፍታው መሃል ላይ ከወረደ ቁጥሩ አይያዝ።

ያንኑ ጉልበት አጥፎ መድገም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጤነኛው 22 ሲሠራ የተጎዳው 13 ላይ ከቆመ፣ ሕመም ባይኖርም መሮጥ የለበትም።

በአንድ እግር በቦታው 20 ጊዜ መዝለል፣ ሳይፈሩ። ፍርሃቱም መልስ ነው።

ያለፈ ሰው በሜዳማና ለስላሳ መሬት ላይ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 10 ጊዜ ይጀምር፤ በማግስቱ ይረፍ። ባቱ ዝም ካለ የሩጫውን ደቂቃ ያስረዝም። መጀመሪያ ርዝመት ይመለሳል፣ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ከዚያ ዳገት፣ በመጨረሻ ስፓይክ ጫማና መም። ቅደም ተከተሉን ለማዛባት የሚፈተነው በተለይ ከክለብ ጋር የሚሮጥ አትሌት ነው፤ ቡድኑ ማክሰኞ ፍጥነት ሲሠራ ለብቻ እርምጃና ሩጫ መቀላቀል ያሳፍራል። አሠልጣኙ ዕቅዱን አስቀድሞ ቢያውቀው እፍረቱ ግማሽ ይቀንሳል።

መሬትና ጫማ

አዲስ አበባና አካባቢዋ ለሚሮጥ ሰው የመሬት ምርጫ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንጦጦ ለትንፋሽ ግሩም ነው፤ ለሚያገግም ባት ግን ዳገቱ ተረከዙን ባዶ እያስቀረ በየእርምጃው ጡንቻውን ይስበዋል። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለው የሱሉልታ ሜዳ የሚሻለው በበጋ ነው፤ ሣሩ ለስላሳ፣ መሬቱ ሜዳማ። በክረምት ጭቃው እግርን ወደ ኋላ ያንሸራትታል፣ መሬት ለመያዝ ጣት የሚጨብጥ ሯጭም ባቱን ይጨርሰዋል። የሰንዳፋ አስፋልት ጠንካራ ቢሆንም የማያንሸራትትና የማያወላግድ ስለሆነ፣ በክረምት ከጭቃው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ኮረኮንች በዚህ ጊዜ አይሞከርም። ከተማ ውስጥ ጃንሜዳ ይበቃል። የመስቀል አደባባይ ደረጃ ተረከዝ ለማንሳት ጥሩ ነው፤ እየሮጡ ለመውጣት ግን ከአራቱ ፈተናዎችና ከወር ያላነሰ ሩጫ በኋላ ይሁን።

ጫማ ላይ ዋናው መለኪያ በተረከዙና በጣቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። ተረከዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያለው ጫማ የባትን ሥራ ያቀልለዋል፤ ወደ ዜሮ የሚጠጋው ያከብደዋል። ለሚያገረሽበት ሰው ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍ ያለውን እመክራለሁ። ከሰልባጅ የተገዛ ጫማ ጣጣው ተረከዙ ተበልቶ ልዩነቱ መጥፋቱ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከጎን ቢያዩት ይታያል። ሶሉ ውስጥ የካርበን ዝርግ ያለበትን የካርበን ጫማ እንደ ጥፋተኛም እንደ መድኃኒትም አላየውም። ጉዳት የሚያመጣው ጫማውን ድንገት መቀየር ነው፤ አዲሱን በሳምንት አንድ ቀን፣ በአጭር ሩጫ እያለማመዱ ያስገቡት። የባት ሶክስ ሙቀትና ምቾት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበት።

በእግር ጣት የሚያርፉ ሯጮችን “በተረከዝ እረፉ” ብሎ አሯሯጣቸውን መቀየር የሚወድ አሠልጣኝ አለ። ባቱን ማሳረፉ እውነት ነው፤ ሸክሙ ግን አይጠፋም፣ ወደ ጉልበት ይሄዳል። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሳይሳካ ካልቀረ በስተቀር አልነካውም።

የልምምድ ጭነት

“በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር” የሚለው ሕግ በሰፊው ይነገራል። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም፤ ባትን ግን ከኪሎ ሜትር ድምር ይልቅ የሚያስቸግሩት ከባድ ቀኖች መቀራረባቸው ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ከለንደን ማራቶን ሁለት ቀን ሲቀረው በግራ ባቱ ጉዳት ሲወጣ የሰጠው ምክንያት ይኸው ነበር፤ በዝግጅቱ የመጨረሻ ሳምንታት ሁለት የፍጥነት ልምምዶች ተቀራርበውበታል። ያ ውድድር ብዙዎች ከኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ ጋር ፊት ለፊት ሊያዩት የጠበቁት ነበር። ለቀነኒሳ የባት ጉዳት አዲስ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. የ2010ን የውድድር ዓመት ያሳጣው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጥቶ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ብራስልስ ላይ 26:43.16 ሮጠ። ከለንደኑ ጉዳት በኋላም እ.ኤ.አ. በ2024 በ41 ዓመቱ እዚያው ለንደን በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቷል። የሚያገረሽ ባት ሁሉ የሩጫ ዘመን መጨረሻ ነው የሚል ሰው ይህን ይቁጠርልኝ።

ለእኛ ዓይነቱ ሯጭ ትርጉሙ ቀላል ነው። በሁለት ፈጣን ልምምዶች መካከል ቢያንስ ሁለት ቀላል ቀናት ይኑሩ፤ ዕድሜው ከ40 ላለፈ ሦስት። ዳገት ሩጫ እንደ ፈጣን ልምምድ ይቆጠር። ክብደት ያለው የተረከዝ ማንሳት ከፈጣኑ ልምምድ በፊት ባለው ቀን ሳይሆን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይሠራ፤ ቀላሉ ቀን የምር ቀላል እንዲሆን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሱሉልታ ብርድ የሚወጣ ሰው 15 ደቂቃ ያህል ዘና ብሎ ሳይሮጥ ፍጥነት አይንካ፤ ቱታውንም ቶሎ አያውልቅ።

ውድድሩ ከደረሰ

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባት የከበደው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ የፍጥነት ልምምዱን ሁሉ ሰርዞ በብስክሌት ትንፋሹን ጠብቆ መግባት፣ ወይም መተው። “እስኪ ዛሬ ልፈትነው” ብሎ በጠንካራ ልምምድ መሞከር ሦስተኛው ምርጫ አይደለም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚገኝ አዲስ ብቃት የለም፣ የሚጠፋ ግን አለ። ከላይ ካሉት ፈተናዎች ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ካላለፈ ይተወው። ታላቁ ሩጫ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር እየጨፈሩ በእርምጃ መጨረስም ያምራል፤ አደጋው ያለው በሰው መሃል እየተሹለከለኩ ድንገት ቆሞ ድንገት መፈትለክ ላይ ነው።

በሩጫ መሃል የሚይዘው ሰው ውሳኔው በየትኛው ጡንቻ እንደሆነ ይለያያል። ድንገት የተበጠሰ ያህል ከተሰማው፣ እዚያው ቆሞ ከመንገዱ ይውጣ፤ እያነከሱ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ማገገሚያውን ሊያስረዝም ይችላል። ቀስ እያለ የሚከብድ ከሆነ ፍጥነት ቀንሶ ለ2 ደቂቃ ይራመድ፤ ወደ ሩጫ ሲመለስ ክብደቱ ከለቀቀ በዝግታ መጨረስ ይችላል፣ በ500 ሜትር ውስጥ ከተመለሰ ግን የዕለቱ ሩጫ አብቅቷል።